የእመት ጃርት ሳሎን

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሸንጎ እየተቀመጡ ደህናውን ነገር በሚያበላሹበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ እመት ጃርት የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ የሰው በቆሎ ሊበላ እንደወጣ ቀርቷል። ለእሷ የተወላት አምስት ልጆችን ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ሸንጎው “ከእንግዲህ በጉድጓድ መኖር ነውር ነው፤ ሁሉም ቤት ይሥራ” ብሎ አወጀ። አዋጁን ያነበበው ዝሆን ነው። ዝሆን ጉድጓድ ኖሮት አያውቅምና አልከበደውም። ጉድጓዱ ሁሉ ተደፈነ። ለእመት ጃርት የደረሳት ቦታ ቁራሽ ነበር፤ ርዝመቱ ሃያ እርምጃ፣ ወርዱ አሥር፣ ያውም በጃርት እርምጃ። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።

እመት ጃርት ግን ሙያ አላነሳትም። ከእሾኋ አንዱን ነቅላ መሬቱን እየጫረች ቤቷን ነደፈች።

“እዚህ ምድጃው ይሁን። ከዚህ ወዲያ አምስት መኝታ ይደረደራል። በየመሀሉ አንድ ክንድ ክፍት ይተዋል፤ የጃርት ልጅ በእንቅልፉ ሲገላበጥ ወንድሙን ይወጋላ! የቀረችው ጥግ ለእኔ ትበቃኛለች።”

አለቀ። ከዚህ የተሻለ ፕላን አንበሳም በቤተ መንግሥቱ አልነበረውም።

ነገር ግን ሽማግሌ ያላየው ፕላን አይጸድቅም ነበርና ሽማግሎቹ መጡ፤ ጋሽ ዝሆን፣ አያ ጅቦ እና መሐንዲስ ዝንጀሮ። ዝንጀሮ መሐንዲስ የተባለው ከተማ ዳር ሰዎች ቤት ሲሠሩ አጥር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጦ ስላየ ነው። ከዚያ ወዲህ ጆሮው ላይ ስንጥር ሳይሰካ ከቤት አይወጣም።

መሐንዲሱ የተጫረውን መሬት ዞሮ ዞሮ አየና “ሳሎኑ የታለ?” አለ።

“የምን ሳሎን?”

“እንግዳ የሚቀመጥበት ነዋ!”

“እንግዳ ከመጣ ምድጃው ዳር ከእኛው ጋር ይቀመጣል።”

አያ ጅቦ ሳቀ። ጅብ ሲስቅ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

“እኔ አያ ጅቦ? ከልጆችሽ እሾህ መሀል? አንቺ ሴት፣ ነገ ልጅሽን ብትድሪ፣ ለቅሶ ብትቀመጪ የት ልንሰበሰብልሽ ነው? አገር ምን ይላል?”

ዝንጀሮ ስንጥሩን ከጆሮው መዘዘ። የእሷን መስመር በእግሩ አጠፋና አዲስ ጀመረ። “ለጋሽ ዝሆን በሩ ይስፋ” አለ፤ በሩ ሰፋ። አያ ጅቦ “ለእኔ አጥንት የምግጥበት ጥግ” አለ፤ ጥጉ ተጨመረ። መሐንዲሱም ራሱን አልረሳም፤ ጅራቱን የሚያሳርፍበት መደብ አስገባ። ጭረቱ ሲያልቅ ከቤቱ አራት እጅ ሦስቱ ሳሎን ሆነ። በቀረችው ምድጃና ጓዳ ተጠጋጉባት።

“ልጆቼስ?” አለች እመት ጃርት።

ጋሽ ዝሆን ጉሮሮውን ጠረገ። “ስሚ ልጄ፤ ልጅ ያድጋል፣ ይሄዳል። እንግዳ ግን ሁልጊዜ ይመጣል።”

“እውነት ነው! እውነት ነው!” አሉ ሁለቱ።

እመት ጃርት ቤቷን የነደፈችበትን እሾህ ጣለችው። እሾህ ነብርን ይመልሳል፤ ይሉኝታን ግን አይመልስም።

ቤቱ በተባለው ልክ ተሠራ። ሳሎኑ ላይ ደህና ደህናው ሳር ተነጠፈ። በየቀኑ ይጠረጋል፣ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከእመት ጃርት አንገት አይወርድም። ትንሹ ልጇ ወስፌ በሽንቁር አጮልቆ ያይና ይጠይቃታል።

“እማዬ፣ እዚያ የሚኖረው ማነው?”

“እንግዳ።”

“የታለ?”

“ይመጣል።”

ዝናቡ መጣ፤ እንግዳው አልመጣም። በዚያ ጭቃ ማን ይመጣል? አምስቱ ልጆች ጓዳ ውስጥ እንደ ማገዶ ተከመሩ። አንዱ ሲያስል አራቱ ይጮኻሉ። አንድ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ወስፌ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። የታላቅ ወንድሙ እሾህ ከዓይኑ ሥር ተሰክቶበታል። እናቱ በጥርሷ ነቀለችው። የስንዴ ቅንጣት ታህል ከፍ ቢል ኖሮ ዓይኑ ፈስሶ ነበር።

ልጇን እንዳቀፈች የተቆለፈውን በር ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

ወሬ እግር የለውም፤ ግን ይደርሳል። “የጃርት ልጅ ታመመ” ተባለና ዝናቡ ጋብ ሲል ሦስቱ ሽማግሎች ባዶ እጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። በሩን ገፍተው ቢገቡ ሳሎኑ መኝታ በመኝታ ሆኗል። አምስቱም ልጆች ራቅ ራቅ ብለው ተኝተው ያንኮራፋሉ።

“ኧረ ፕላኔ!” ብሎ ዝንጀሮ ራሱን ያዘ።

“ምነው መሐንዲስ፣ የሞተ አለ?” አለች እመት ጃርት።

“እኛስ የት ልንቀመጥ ነው?” አለ አያ ጅቦ።

“ቦታ ሞልቶ! በየመሀሉ አንድ ክንድ አለላችሁ። አረፍ በሉ እንጂ፣ በሞቴ!”

አያ ጅቦ ኩሩ ነውና ቆሞ መመለስን ናቀ። በሁለት ልጆች መሀል ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ይሄኔ ወስፌ በእንቅልፉ ተገላበጠ። የጅቡ ጩኸት ሰባት ሸለቆ ተሻገረ። ጋሽ ዝሆን በዚያ በሰፊው በር ቀድሞ ወጣ፤ ዝንጀሮ በጅራቱ ተንጠልጥሎ ተከተለው።

አያ ጅቦ ደጅ ላይ ቆሞ ከኋላው እሾህ እየነቀለ አማረረ።

“አይ ድህነት! ቤትሽ ባይጠብ ኖሮ እንግዳ እንዲህ አይዋረድም ነበር።”

እመት ጃርት በሩን ለመዝጋት ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ቤቴስ አይጠብም ነበር፣ አያ ጅቦ። እናንተ ሳትመጡ እየኖራችሁበት ነው የጠበበን።”