የጋሽ ደምሴ ፎቅ

ጡረታ የወጣ ሰው ቤት ውሎ ምን ይሠራል? ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ሚስታቸውን መቆጣጠር ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን የቢሮ ኃላፊ ነበሩና ሽንኩርት ሲከተፍ እንኳ "ይሄ በማን ትእዛዝ ነው?" ይላሉ።

ሚስታቸው እትዬ አስካለ አንድ ጠዋት ኮታቸውን አቀበሏቸው። "በል ውጣ፤ ከሰው ተቀላቀል!"

ጋሽ ደምሴ ከጎሮ ታክሲ ተሳፍረው ኢምፔሪያል ወረዱና አንድ ጅምር ፎቅ ሥር ቆመው አንጋጠጡ። መቼም ያኔ ቦሌ ውስጥ ፎቅ የማይሠራበት ጥግ ነበር? አጠገባቸው ሌላ ጡረተኛ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

"ያ ምሰሶ አልተንጋደደም?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ኧረ እኔም ስናገር ነበር፤ ሰሚ አጣሁ እንጂ!"

በዚሁ ወዳጅ ሆኑ። ሌሎች ጡረተኞችም ተጨመሩ፤ ልቅሶ እንኳ አብረው ይደርሱ ጀመር። የጋሽ ደምሴ ሳቅ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ።

ፎቁ ተመርቆ ባለቤቱ ሲጨፍር ግን ጋሽ ደምሴ አልጋ ላይ ዋሉ። ምግብም እምቢ አሉ። እትዬ አስካለ ተጨንቀው ጠሩኝና ላጽናናቸው ስገባ ስልካቸው ጮኸ። እኚያ ወዳጃቸው ነበሩ። ጋሽ ደምሴ እያዳመጡ ፊታቸው በራ፤ ጫማቸውን መፈለግ ያዙ።

"ምን ተገኘ፣ ጋሽዬ?"

"ሳሊተ ምሕረት ጋ መሠረት ሊቆፈር ነው። ሳንደርስ እንዳይጀምሩት!"