ወይዘሮ ፋዱሞ እምቢ ያሉበት ቃለ ጉባኤ

የደቻቱ ማዶ ሴቶች የአቤቱታ ኮሚቴ
ቀን፦ እሑድ ግንቦት ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.
ቦታ፦ ድሬዳዋ፣ ከቦኖው ውሃ አጠገብ፣ በሰብሳቢዋ ግቢ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር

«በስምንት ሰዓት» ተብሎ የተጠራ ስብሰባ በስንት ሰዓት ይጀመራል? ይህን ያልጠየቀ የድሬዳዋ ሰው ስለማይኖር መልሱ ይመዝገብ፦ ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ላይ ወረድ ስትል። ጸሐፊዋ በስምንት ሰዓት ተገኝታ፣ ለባዶ ወንበሮች «እንደምን ዋላችሁ» ብላ፣ ንግግሯን ሁለት ጊዜ ለብቻዋ አድርጋ ጨርሳ ነበር።

የተገኙ፦

ወ/ሮ ወርቅዬ ገብረ መድኅን፣ ሰብሳቢ። ግቢው የራሳቸው ስለሆነ መቅረት ያልቻሉ።

ወ/ሮ ፋዱሞ ዒጋል፣ አባል፣ ጨርቅ ነጋዴ። የቦኖው ጉዳይ ሲጓተት የሹሙ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ጨርቃቸውን እዚያው መሸጥ የጀመሩ፤ ወረቀቱ እስኪፈረምም ያልተነሡ።

ወ/ሮ ኑርቶ ዓብዱልአዚዝ፣ አባል፣ ወተት ነጋዴ።

አቶ ክፍሌ ጥሩሰው፣ አማካሪ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ። የሴቶች ኮሚቴ ወንድ አማካሪ ለምን አስፈለገው ተብሎ ሲጠየቅ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልስ እንዲኖር ነው የሚል መልስ ከራሳቸው ከአማካሪው ተሰጥቷል።

አቶ ፋራህ ዋበሪ፣ ታዛቢ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የወ/ሮ ፋዱሞ ባለቤት። ሚስታቸውን አድርሰው ሊመለሱ ሲሉ ጥላው ደስ ብሏቸው የቀሩ።

ወ/ት ይርገዱ ክፍሌ፣ ጸሐፊ፣ የአማካሪው ልጅ። ባለፈው ሐምሌ ከአዲስ አበባ ዲፕሎማ ይዛ የተመለሰች። ይህን ከራሷ አፍ ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። በዚህ ቃለ ጉባኤ ከጸሐፊዋ በቀር ሁሉም አንቱ ተብለዋል፤ ሲነጋገሩ ግን፣ ድሬ ነውና፣ አልተባባሉም።

ሰብሳቢዋ ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ኮሚቴው ቦኖውን፣ ቀጥሎም የመንገዱን መብራት እንዳስገኘ አስታውሰዋል። በእኛ በኩል ማዋለጃ ክፍል ይከፈትልን ያለው አቤቱታ ግን ሦስት ቢሮ ዞሮ በሦስቱም «ከእኛ በላይ ነው» ተብሎ ተመልሷል። ባለፈው ነሐሴ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በወረደ ቀን የወ/ሮ ኑርቶ ልጅ፣ ማዶ ያለውን ሐኪም ቤት በዓይኗ እያየች፣ አሸዋው ላይ ወልዳለች። ወ/ሮ ኑርቶ እዚህ ላይ «ልጁ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እናቱ ግን እስካሁን ቀጥ ብላ አልቆመችም» ብለዋል።

ሰብሳቢዋም «እንግዲህ በላይ፣ በላይ ካሉን፣ በላይ የኛን ሰው ማስቀመጥ ነው» ሲሉ ጉዳዩን ደመደሙ። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደሩ ሰዎች ምዝገባ ነገ ሰኞ በስድስት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ሴት መመረጥ ትችላለች ከተባለም ዓመታት ማለፋቸውን ጸሐፊዋ አክላለች። ሁለተኛውን ነገር ሦስት ጊዜ ነው ያከለችው።

አጀንዳ ፩፦ ስለ ስብሰባ ሥርዓት

ጸሐፊዋ ትምህርት ቤት የተማረችውን የስብሰባ ሥርዓት ላብራራ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ማብራሪያው አጭር ነው ብላ ነበር፤ ተሳስታለች። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በሠለጠነ ጉባኤ ሰው አንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ እሺ ወይም እምቢ ይላል፣ መልሱ ይጻፋል። ያንኑ ሰው ደግሞ መጠየቅ የጉባኤን ጊዜ መስረቅ ነው።

ወ/ሮ ኑርቶ፣ እንግዳ «ብላ» ሲባልስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ወይ፣ በረሃብ ይሙት ወይ ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ምሳ ሌላ፣ ሕግ ሌላ መሆኑን አስረዳች። አቶ ክፍሌ ልጃቸው የተናገረችው ልክ መሆኑን፣ ባይገባቸውም ልክ መሆኑ ከአነጋገሯ እንደሚታወቅ ገለጹ። አቶ ፋራህ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ እያንዳንዱ ሕጉ ለሌላ ሰው የወጣ እየመሰለው እጁን አወጣ።

ውሳኔ ፩፦ ማንም ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቅ። መልሱም የመጨረሻ ይሁን።

አጀንዳ ፪፦ ተወዳዳሪ ስለ መጠቆም

ሰብሳቢዋ ወ/ሮ ፋዱሞን ጠቆሙ። ጉባኤው አጨበጨበ። ጭብጨባው አቶ ፋራህን ቀስቅሷቸው እርሳቸውም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨብጭበዋል።

ወ/ሮ ፋዱሞ ጋርባሳራቸውን ከትከሻቸው ስበው እስከ አፍንጫቸው ተሸፈኑበትና «እኔ? ኧረ አቦ! እኔ ከጨርቅ ሌላ ምን አውቃለሁ? የተማረ ሞልቶ፣ ትልቅ ሰው ሞልቶ! አልፈልግም፣ ሌላ ፈልጉ» አሉ። ከዚያም በወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው የሚቀጥለውን ጠበቁ።

ጸሐፊዋ «አልፈለጉም» ብላ ጻፈች። ከሥሩም አሰመረችበት።

ሰብሳቢዋ «አይ ፋዱሞዬ፣ እንዴት እንዲህ ትያለሽ» ብለው መለመን ሲጀምሩ፣ ጸሐፊዋ ውሳኔ ፩ን በመጥቀስ አቋረጠቻቸው። ወ/ሮ ፋዱሞ ጋርባሳራቸውን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ጸሐፊዋን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ጸሐፊዋ ይህን አድናቆት መስሏት ነበር።

ቀጥሎ ወ/ሮ ኑርቶ ተጠየቁ፤ «ፍየሎቼን ማን ያልባል?» አሉ፣ ተመዘገበ። ሰብሳቢዋ ራሳቸው ተጠየቁ፤ «አዲስ አበባ ብርድ ነው ይላሉ፣ በዚህ ጉልበቴ?» አሉ። «እምቢ፣ በብርድ ምክንያት» ተብሎ ተመዘገበ።

«እስቲ አንቺስ?» ተብላ ጸሐፊዋ ተጠየቀች። ጸሐፊዋ ይህን ጥያቄ ከሐምሌ ጀምሮ ስትጠብቅ የኖረች፣ መልሱንም በመስታወት ፊት ያጠናች ነበረች። ይሁን እንጂ አፏ ቀድሟት «ኧረ እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ታላላቆቼ እያሉ!» አለች። ደግመው እስኪጠይቋት ጠበቀች። ሁሉም ሕግ አክባሪ ሆነው ዝም አሉ። በገዛ እጇ «አልፈለገችም» ብላ ጻፈች። አላሰመረችበትም።

በመጨረሻ «ክፍሌስ…» ተብሎ ጥያቄው ሳያልቅ አቶ ክፍሌ «እሺ» አሉ።

ወ/ሮ ኑርቶ፣ አቶ ክፍሌ ሴት አለመሆናቸው እንዲታይ አመለከቱ። አቶ ክፍሌ ይህን እንደማይክዱ፣ ነገር ግን ሥርዓቱ እሺ ያለ ሰው ይያዝ እንጂ እሺ ያለች ትያዝ እንደማይል፣ በዚህም ልጃቸው ምስክር መሆኗን ተናገሩ። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ግን…» አለች። አባባ የሚል ማዕረግ በተሰብሳቢዎች ዝርዝር ስለሌለ አልተመዘገበም።

ውሳኔ ፪፦ የደቻቱ ማዶን ሴቶች ወክለው አቶ ክፍሌ ጥሩሰው ይወዳደሩ። እጃቸውን ያወጡት አባትና ልጅ ናቸው፤ ልጅቷ እጇን ያወጣችው «ሥርዓት ሥርዓት ነው» ብላ፣ እየከፋት ነው። የቀሩት ዝም ብለዋል። ዝምታ ድጋፍ ይሁን ተቃውሞ ጸሐፊዋ በተማረችው ውስጥ አልነበረም።

አጀንዳ ፫፦ ስለ ምርጫ ምልክት

ፊደል ያልቆጠረ መራጭ ተወዳዳሪውን በሥዕል እንዲለይ ምልክት ስለሚያስፈልግ፣ አቶ ክፍሌ ነብር መረጡ። ወ/ሮ ኑርቶ፣ የመልካ ጀብዱ መንደር መራጭ በሙሉ ፍየል አርቢ መሆኑን፣ ነብር አይቶ ድምፅ ሳይሆን ዱላ እንደሚያነሣ አስጠነቀቁ። አቶ ክፍሌ ነብሩ የሥዕል መሆኑን አስረዱ። ወ/ሮ ኑርቶ ፍየሎቹም ቢሆኑ እንደ ሥዕል ዝም ብለው እንደማይቆሙለት መለሱ። ሰብሳቢዋ ጭቅጭቁን ለማብረድ አስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ።

ውሳኔ ፫፦ ነብሩ የጠገበ ሆኖ፣ ተኝቶ ይሣል።

ይህ ከተወሰነ በኋላ ወ/ሮ ኑርቶ፣ «ነብሩስ ይሁን። ምክር ቤት ቆመህ ስለ ማዋለጃው ምን ትላለህ፣ ክፍሌ?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ክፍሌ በመጀመሪያ ሰላምታ እንደሚያቀርቡ፣ ቀጥሎ ስለ ተደረገላቸው አቀባበል እንደሚያመሰግኑ፣ ጊዜ ከተረፈ ወደ ጉዳዩ እንደሚገቡ አብራሩ። ጉዳዩስ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ባለቤታቸው በየጊዜው ስትወልድ እርሳቸው ባቡር ላይ ስለነበሩ «ተወለደ ሲሉኝ እሰማለሁ እንጂ እንዴት ነበር ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አሉ። ይህን ያሉት በቅንነት ነው።

ወ/ሮ ኑርቶ የወተት ዕቃቸውን አንሥተው ቆሙ። በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። የተረጎመ የለም፤ ያልገባውም የለም።

አጀንዳ ፬፦ ልዩ ልዩ

በዚህ ጊዜ ታዛቢው አቶ ፋራህ የታዘብኩትን ልናገር ሲሉ ፈቃድ ጠየቁ። ወ/ሮ ፋዱሞ «ዋርያ ፋራህ፣ አፍህን ያዝ!» አሉ። ሰብሳቢዋ ግን ፈቀዱ።

አቶ ፋራህ እንዲህ አሉ፦ «ይቺ ሴት ሳምንቱን ሙሉ ለጨርቅ ጥቅል ንግግር ስታደርግ ነው የከረመችው። ‹የተከበራችሁ እንደራሴዎች፣ ምጥ ወንዝ እስኪጎድል አይጠብቅም› እያለች! እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ረዳቴም ይዞታል። ዛሬ አልፈልግም አለች ብላችሁ ጻፋችሁ? እኔ ሳገባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሦስት ጊዜ እምቢ ብላኛለች። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ይህች ልጅ ጸሐፊ ብትሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ወንደላጤ ነበርኩ!»

ሳቅ ሆነ። ጸሐፊዋ ዘግይታ ገብታበታለች።

ወ/ሮ ፋዱሞ ግን አልሳቁም። ተነሥተው «ቦኖውን አንድ ጊዜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ዛሬም የምትቀዱት ከአሸዋ ውስጥ ነበር» አሉ። «‹ነገ ነይ› ሲሉኝ ነገ ሄድኩ፣ ‹ሹሙ የሉም› ሲሉኝ ሹሙ እስኪኖሩ ተቀመጥኩ። ለእናንተ ብዬ ስንቱን ደጅ ስጠና ኖሬ፣ እኔን አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ ተዋችሁኝ? ሁለተኛ ለመጠየቅ እንኳ አልበቃሁም?»

ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚህ በታች ያለው ጥቂቱ በኋላ ከትዝታ የተጻፈ ነው።

አቶ ክፍሌ ቆመው፣ እሺ ያሉት እንዲከለከሉ ብለው እንጂ እንዲሾሙ ብለው እንዳልነበረ፣ ጉባኤው ለመከልከል በመዘግየቱ ግን ግራ ገብቷቸው እንደ ቆየ ገልጸው ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ። የነገሩ እውነትነት አልተመረመረም።

ሰብሳቢዋ ወ/ሮ ፋዱሞን እንደገና ጠየቁ። ወ/ሮ ፋዱሞ «ኧረ ተዉኝ፣ ከተናገርኩ ተናገርኩ» አሉ። ጸሐፊዋ ልማድ ሆኖባት እጇን ወደ ብዕሩ ስትዘረጋ ሰብሳቢዋ በላዩ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ወ/ሮ ኑርቶ የወተት ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው ጠየቁ። በዚህ ጉባኤ የተናገሩት አብዛኛው በቁጣ ነበር፤ ይህን ግን ዝግ ብለው «ለልጄ ስትይ» አሉ።

ወ/ሮ ፋዱሞ «እንግዲህ ካላችሁ…» አሉ።

ጸሐፊዋ ይህ እሺ ነው ወይስ እምቢ ስትል ጠየቀች። ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹባት።

ቀጥሎ አንድ ችግር ተነሣ። የምዝገባው ሹም ለምኖ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ጠይቆ ወደሚቀጥለው ሰው የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ልምምድ እንዲደረግ ተስማማን። አቶ ክፍሌ ሹሙን ሆነው፣ ትኬት በሚጠይቁበት ድምፅ «ለመወዳደር ነው የመጡት?» አሉ። ወ/ሮ ፋዱሞ «ኧረ እኔ ምኔ ነኝ፣ እነሱ ናቸው ያመጡኝ» አሉ። ወ/ሮ ኑርቶ «ያ ረቢ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ተደገመ። በሁለተኛው ወ/ሮ ፋዱሞ ሳቃቸው መጣ። በሦስተኛው ባለቤታቸውን ተመለከቱና ባለቤታቸው በእርሳቸው ፈንታ «አዎ» ብለው መለሱላቸው።

ከዚያ በኋላ በስንተኛው እንደሆነ አልተቆጠረም፣ ወ/ሮ ፋዱሞ ጋርባሳራቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ፊታቸውን ገልጠው፣ «አዎ። ለመወዳደር ነው የመጣሁት። ፋዱሞ ዒጋል እባላለሁ» አሉ። አቶ ክፍሌ ትኬት እንዳየ ሰው «ይለፉ» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ ነብሩን ጨምሮ፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። የምርጫው ምልክት ነገ በመንገድ ላይ ይታሰብበት። ወ/ሮ ፋዱሞ ዒጋል ይወዳደሩ።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። ወንበሮቹን የመለሰችው ጸሐፊዋ ናት።

ለቀሩት አባላትና ይህን ለምታነቡ ሁሉ፦ የአቶ ፋራህ መኪና ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከቦኖው ወደ ምዝገባው ቢሮ ይነሣል። በሁለት ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ነገ ግን ምዝገባው ይዘጋልና እባካችሁ እውነት በሁለት ሰዓት ኑ። ወ/ሮ ፋዱሞ በመንገድ ላይ «መልሱኝ» ማለታቸው ስለማይቀር፣ ከጎናቸው ተቀምጦ የሚለምን ሰው ያስፈልጋል፤ በርከት ቢል ይመረጣል። ትመጣላችሁ? መልሳችሁን ዛሬውኑ ለጸሐፊዋ አሳውቋት። «አይመቸኝም» የምትሉ ካላችሁም አትጽፈውም፣ ደግማ ትጠይቃለች።

ይርገዱ ክፍሌ
ጸሐፊ