የጠረጴዛ ሥር ቁንጥጫ

እኛ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ የሚያስተምረው መናገርን አይደለም፤ ዝም ማለትን ነው። ልጁ አፉን ፈትቶ «እማ» ባለ ማግስት «እረፍ» እንለዋለን። ሴት ከሆነች ደግሞ ትምህርቱ ይረዝማል። ዓይንሽን ስበሪ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ሰው ሲያመሰግንሽ በነጠላሽ ጫፍ አፍሽን ሸፈን አድርጊ፣ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልሽ ሆድሽ እየጮኸም ቢሆን «አሁን ነው በልቼ የመጣሁት» በዪ። ይህን ሁሉ አጥንታ የጨረሰች ልጅ ጨዋ ትባላለች፤ አሳዳጊዋም በሰፈሩ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች። እኔ በዚህ ሙያ እዚህ ሉማሜ ውስጥ የሚወዳደረኝ አልነበረም። ለዚያውም ባልወለድኳት ልጅ።

አሁን እናንተ ፊደል የጠገባችሁት፣ ይህን ጨዋነት ተሸክማ ዩኒቨርሲቲ የምትገባ ልጅ ምን እንደሚጠብቃት ታውቁ ይሆናል። እኔ አላውቅም ነበር። እኔና ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፣ ሳንጣላ፣ ተስማምተን የተለያየነው። ለካ የዛሬው ዓለም የውጭ ትምህርት ሲሰጥም፣ ሥራ ሲቀጥርም፣ የራሱን ድርጅት ልጀምር ያለን ተማሪ ሲደግፍም በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ይላል። የእኛ ልጅ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናችው ስለ ራሷ አለመናገርን ነው።

ማስተዋል የታናሽ ወንድሜ የባይለየኝ ልጅ ናት። ባይለየኝ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር ድንችና ገብስ የሚያመርት ገበሬ ነው። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ «እታለም፣ አንቺ ዘንድ ሆና ትማር» ብሎ አመጣልኝ። እኔ አውራ ጎዳናው ዳር ሻይ ቤት አለኝ፤ ወደ ማርቆስ የሚወጣው አውቶቡስ ሁሉ እኔ በር ላይ ሳይተነፍስ አያልፍም። አባቷ «እታለም» ሲለኝ ሰምታ እሷም «እታለም» እያለች አደገች።

አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው። የከበሩ እንግዶች እኔ ቤት ተቀምጠው ትምህርት እንዴት ነው ብለው ጠየቋት። ልጅቷም ቀጥ ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ አንደኛ መውጣቷን ነገረቻቸው። እኔ ሆዴ በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል፤ እጄ ግን ሳላዘው ከጠረጴዛው ሥር ሄዶ ጭኗን ቆነጠጣት። ራስን ማሞገስ ነውር ነዋ! ደግሞስ የሰው ዓይን የለም? ልጅቷ ወዲያው ገባት። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጤቷ የሚነግረኝ ሰርተፊኬቷ ብቻ ሆነ። የእኔ ቁንጥጫ እንዲህ ናት፤ አንዴ ከያዘች አትለቅም።

ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ሰብል ተማረች። ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት አባቷ ዘንድ ስትወጣ አንድ ነገር አደረገች። የዘር ድንች እዚያ አገር ጉድጓድ ውስጥ ነበር የሚከርመው፤ ግማሹ ይበሰብሳል፣ የተረፈው ጨለማ ውስጥ ነጭና ረጅም ቡቃያ ያወጣና ለመትከል ሲያነሱት ቅንጥስ ይላል። እሷ ከቀርከሃ ደረጃ ደረጃ ያለው መደርደሪያ አሠራች፤ ሣር ክዳን ያለው፣ ብርሃን የሚያገኘው፣ ፀሐይ የማይመታው። ድንቹ አረንጓዴ ሆነ፤ ቡቃያው አጭርና እንደ አውራ ጣት የጠነከረ ሆነ። በዓመቱ እሷን ያየ አሥራ አራት ቤት መደርደሪያ ሠራ። ባይለየኝ ይህን ሲነግረኝ ስልኩ ውስጥ ያለቅስ ነበር፤ እኔ ግን ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩለት።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ማርቆስ ላይ ተማሪዎችን ከቀጣሪዎችና ጀማሪ ሥራ ፈጣሪን ከሚደግፉ ሰዎች ጋር የሚያገናኝ ቀን ተዘጋጀ። ማስተዋልም ቀረበች። ምን ሠራሽ ሲሏት፣ ምንም አይደል፣ አባቴ ነው የሠራው፣ ጎረቤቶችም አግዘዋል ብላ ቁጭ አለች። ከእሷ ቀጥሎ፣ አንድ ቀን መጥቶ መደርደሪያው አጠገብ ፎቶ የተነሣ የክፍሏ ልጅ ተነሣና ሥራውን የራሱ አድርጎ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። ድጋፉን እሱ ወሰደው። ያ ልጅ ድንች የሚያውቀው ወጥ ውስጥ ነው። እሷ ግን ቤት መጥታ ስታጫውተኝ አንድም ቅያሜ አልነበራትም፤ «ደኅና አድርጎ ተናገረ» አለች። ጨዋ አሳድጌ የለ!

እሱ አለፈ። የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ደግሞ ሆላንድ ለሁለተኛ ዲግሪ አመለከተች። ድንች የሚመረምሩ ሰዎች አገር ነው አሉ። የጻፈችው ወረቀት አለፈላት፤ የቀራት ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በቪዲዮ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ዘንድሮ ይህ ካመለጣት መመረቋ ነው። ተመርቀው ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ እነሱ ከሥሩ የተቀመጡትን ልጆች ደግሞ በየሰፈራችን እናውቃቸዋለን። ከሌላ ቦታ የመጣላት መልስ አልነበረም።

የዶርሙ ጫጫታ አላስቀምጥ ስላላት ጓደኛዋን ራሄልን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ሰኞ ዕለት ጓዳ ውስጥ ልምምድ ጀመሩ። ራሄል የእኔን መነጽር አድርጋ ፈረንጅ ሆናለች። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ አያቸዋለሁ። እንግሊዝኛውን አልሰማም፤ አገጭ ግን አነባለሁ። የልጅቷ አገጭ ደረቷ ላይ ተጣብቋል፣ ዓይኗ ጫማዋን ይቆጥራል። ራሄልን ተርጉሚልኝ አልኳት። ለካ ምን ሠራሽ ስትላት መልሱ አሁንም አባቴ ሠራ ነው። ከሌሎች በምን ትለያለሽ ስትላት ደግሞ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ አሉ ብላለች። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ራሄል አልሳቀችም። መነጽሩን አወለቀችና «እትዬ፣ እንዲህ ከመለሰች ሐሙስ አለቀላት» አለችኝ።

ሳቄ ቀጥ አለ። ማስተዋልን ቁጣ ቁጣ እያለኝ ጠየቅኳት፤ የሠራሽውን ሠራሁ ለማለት ምን ያዘሽ አልኳት። አንገቷን እንደደፋች፣

«እታለም፣ ልለው ስል ጭኔን ያመኛል» አለችኝ።

ሰባት ዓመት ሆኖታል እኮ! ብርጭቆዬን አስቀምጬ በጓሮ በር ወጣሁ። ልጅ እንዳሳደግኩ ነበር የማውቀው፤ ለካ ቁንጥጫዬንም አብሬ አሳድጌያለሁ።

ስመለስ አያ ታረቀኝ እንደ ወትሯቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። እሳቸውን ባወቃችኋቸው። ከሳቸው የበለጠ ትሑት ሰው ሉማሜ አላየችም፤ ስኳር እንኳ ሲያንሳቸው አይናገሩም። ሠርግ ላይ ግን ከዘራቸውን ይዘው «እኔ» ብለው ለፉከራ ሲነሱ ድንኳኑ ይንቀጠቀጣል። ነውር ነው ያላቸውም ሰው የለም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እኛም አገር ለካ «እኔ» የሚባልበት ቦታ አለ! ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ አያ ታረቀኝ፣ እርስዎ እንዲህ አፍረው ኖረው ፉከራ ላይ ሐፍረቱን የት ያደርጉታል አልኳቸው።

ሻያቸውን ፉት አሉ። «ፎካሪ ያላደረገውን አይልም» አሉኝ። «አብረውት የዋሉት ሰዎች እዚያው ቆመው ይሰሙታላ። እውነት ከሆነ ምኑ ያሳፍራል?»

ማስተዋልን አስጠርቼ ፊታቸው አቆምኳት። እሳቸውም ለፉከራ የሚነሣ ሰው በልቡ የሚይዘውን አራት ነገር ነገሯት። የማን ልጅ ነሽ? የት ዋልሽ? ምን አደረግሽ? ምስክርሽ ማን ነው? ራሄል ይህን ስትሰማ ደብተሯን አገላብጣ አገላብጣ ቀና አለች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ ቃለ መጠይቅ ሁለት ቀን ሙሉ ሥልጠና ሰጥተዋቸው ነበር። ደብተሯ ላይ ያለውም ይኸው አራቱ ነው።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ለግድግዳው ፎከረች። ግድግዳ ግን ምስክር አይሆንም። ረቡዕ ከሰዓት የማርቆሱ አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው ሻይ ቤቱን ሲሞላው አያ ታረቀኝ በከዘራቸው ወለሉን ሁለት ጊዜ መቱ። የኛ ልጅ መሀል ቆመች። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የድመት ነበር። አያ ታረቀኝ እንደገና መቱ። ያኔ አገጯ ተነሣ።

«እኔ ማስተዋል፣ የባይለየኝ ልጅ፣ ከሮብ ገበያ በላይ ያደግኩ፣ የአባቴ ዘር ሲበሰብስ አይቼ ዝም ያላልኩ! ጉድጓዱን ደፍኜ ድንቹን ብርሃን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ምስክሬ አሥራ አራት ቤት ነው!»

እልልታው ከየት እንደፈነዳ እንጃ። ሹፌሩ ውጭ ሆኖ ጥሩምባውን ቢያስጮህ የሚሰማው ጠፋ። አንድ የይጁቤ ገበሬ ብርጭቆውን አስቀምጦ መደርደሪያው የት እንደሚታይ ጠየቃት፤ ለከርሞ የዘር ድንች ትሸጥልኝ እንደሆነ ብሎ ስልኳን በእጁ መዳፍ ላይ ጽፎ ሄደ። የመጀመሪያ ደንበኛ ማለት ነው እንግዲህ። ቢሮ የላት፣ ማኅተም የላት።

ሐሙስ ደረሰ። ሻይ ቤቴን ዘጋሁ፤ ከዓመት በዓል ውጭ ዘግቼ አላውቅም። የራሄልን ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አደረግን። እኔ ካሜራው በማያየኝ በኩል፣ ትንፍሽ እንዳልል አስምለውኝ፣ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ፈረንጆች በኮምፒውተሩ መስኮት ውስጥ ብቅ አሉ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ጠየቋት። እሷም ጀመረች፤ ከዚያ «ማይ ፋዘር» ስትል ሰማሁ። ይህችን እንኳ እኔም አውቃታለሁ። አገጩም ወደ ታች ጉዞ ጀምሯል። አሥራ አራቱ ቤት፣ አያ ታረቀኝ፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው፣ ሁሉም ሊቀልጥብን ነው። አፌ ምሏል። እጄ ግን አልማለም።

ከጠረጴዛው ሥር ሄደና ቆነጠጣት። ያችኑ የዱሮዋን ቦታ።

ልጅቷ ዘለለች። ዞር ብላ አላየችኝም፤ ግን ገባት። አገጯ ተነሣ፣ ዓይኗ መስኮቱ ውስጥ ገባ፣ እንግሊዝኛው እንደ ምንጭ ይፈስ ጀመር። ሴትዮዋ መሥራቱን በምን አወቅሽ ስትላት፣ ራሄል ኋላ እንደተረጎመችልኝ፣ አሥራ አራት ቤት አለኝ፣ ከትናንት ወዲህ ደግሞ አንድ የይጁቤ ሰው ብላታለች። ሦስቱም ሳቁ፤ ግን የመናቅ ሳቅ አይደለም። ያንን እለየዋለሁ፤ ሻይ ቤት ውስጥ ስንቱን ሳቅ ሰምቻለሁ። ስትጨርስ ቅቤ ተቀብቶ ያደረው ፀጉሯ በላብ ርሷል። እኔ ደግሞ ትንፋሼን የያዝኩበትን ሰዓት ለማንም አልናገርም፤ አታምኑኝም።

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። ተቀብለዋታል፤ ወጪዋን ሁሉ ችለው። ተምራ ስትመለስ የዘር ድንች ማባዣ ልታቋቁም ነው፤ የይጁቤው ሰውዬ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለ መቼ ነው የምትመለሽው ይላታል። ገና አልሄደችም እኮ።

እሑድ ቀን ባይለየኝ ከላይ ወረደ። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፣ አያ ታረቀኝ ጥጋቸውን ይዘዋል። ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። ወንድሜ ሰው ፊት አፉን የማይከፍት ሰው ነው። የዚያን ዕለት ግን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተነሣ።

«እኔን አታመስግኑኝ» አለ። «ይችን ልጅ ሰው ያደረገቻት እታለም ናት።»

የቤቱ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ፣ ያን ሁሉ ፉከራ ያሠለጠንኩት፣ ሐሙስ ዕለት ያንን ጀብዱ የሠራሁት ሴትዮ፣ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዓይኔን ሰበርኩ። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ አፌን ሸፈንኩና፣

«ኧረ እኔ ምን ሠራሁ» አልኩ።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ጭኔን ያዘኝ። እንዴት ያለች ቁንጥጫ መሰለቻችሁ! ልቅም ያለች፣ የማታወላዳ፣ ከእኔ የተማረቻት ለመሆኗ ምንም የማያጠራጥር። ዞር ብዬ ሳያት የኔዋ ጨዋ ጣራ ጣራ ታያለች።

ተነሣሁ። አያ ታረቀኝ በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

እኔ ጥሩወርቅ፣ ከሮብ ገበያ በላይ የተወለድኩ፣ ሉማሜ መንገድ ዳር የዋልኩ፣ ሻይ አፍልቼ ማስተዋልን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ምስክር የሚጠይቅ ካለ ጭኔ ላይ አለ፤ ለማሳየት ግን አሁንም ጨዋ ነኝ።