እምቢታዬና የስመ ጥሮቹ ሰሌዳ

ትምህርት ቤትም እንደ እናት አጠገቡ ያለውን ልጅ ትቶ የራቀውን ሲያወድስ ይኖራል። የእኛም የወረታው ትምህርት ቤት ኢዮቤልዩው ሲደርስ ያፈራቸውን ስመ ጥሮች በሰሌዳ ጽፎ በሩ ላይ ሊሰቅል አሰበ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴ እኛ ዘንድ ከማሳችን ሩዝ ቀድሞ ይበቅላል። እኔም የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ሆንሁ።

በመጀመሪያ ውጭ አገር ያለው ዶክተር ተጻፈ፤ ስልክ አያነሳም እንጂ ስመ ጥር ነው። ቀጥሎ ፓይለቱ፤ ከተማችንን የሚያያት ከደመና በላይ ሆኖ ነው። ከዚያ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ተጠቆሙ። ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጡት። እዚያው ስብሰባው ላይ ተቀምጠው ስለነበር፣ ጻፉኝ እንጂ ምን ቸገረኝ ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ። ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባቸውም እንዴ፣ አልሁ በሆዴ። ስማቸውን ግን አሳምሬ ጻፍሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የእኔም ስም እንዲጻፍ እፈልግ ነበር። በጣም እፈልግ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በግብርና ባለሙያነት የቁሐር ሚካኤል ቀበሌን የሩዝ ማሳ ጭቃ እስከ ጉልበቴ ስረግጥ ኖሬ፣ ጎሽ ያለኝ ሰው የለም። ለባለቤቴ ለዝናሽ እንደሚጻፍ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ እሷም ጎረቤት ከተማ ሐሙሲት ላሉት እህቶቿ ነግራለች። ሐሙሲት ሰማ ማለት አገር ሰማ ማለት ነው።

ኋላ ላይ የኮሚቴው አባል የሆኑት የአጥቢያችን መሪጌታ ስሜን ጠሩልኝ። ልቤ ዘለለች። አፌ ግን የለመደውን አደረገ።

«ኧረ በስመ አብ፣ እኔ ደግሞ ምን ሠራሁና? ተዉኝ።»

መቼም ታውቁታላችሁ፤ የእኛ አገር «ተዉኝ» አስገድዱኝ ማለት ነው። ሁለተኛ ሲሉኝ አንገቴን ልደፋ፣ በሦስተኛው «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ልል ተሰናድቻለሁ። ሰብሳቢያችን ርእሰ መምህሩ ግን ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ ገና ዓመቱ ነው።

«ትሕትናዎን እናከብራለን» አለና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

መሪጌታም የሰብሳቢን ቃል መሻር ነውር ሆነባቸውና ስሜን ዳግመኛ አላነሱም። የሚቀጥለውን ስም የጻፍሁት እኔው ነኝ።

የበዓሉ ዕለት ዝናሽ ነጠላዋን አጣፍታ ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበችው። ቤት ከገባን በኋላ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኋት፤ ይለምኑኛል ብዬ ነው አልኋት። የገዛ አባቷም እሷን ለትዳር እንዲጠይቁልኝ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች ሁለቴ እንደ መለሷቸው አስታወስኋት።

«አባቴ እምቢ ያሉት አንተ እንደማትቀር አውቀው ነው» አለችኝ። «አንተ ማን ይመለስልኛል ብለህ ነው?»