የቀና እጅ ጉርሻ

ለራሱ ሳይሆን ለሰው ብቻ ዕድለኛ የሆነ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ፤ ደክሞኛል።

ሐረር ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ፈረስ መጋላ ካፌ ተቀምጠን ሳለ የሥራ ባልደረባዬ ተስፋዬ የሚፋቅ ሎተሪ አቀበለኝና «አቦ፣ አንተ ፋቅልኝ» አለኝ። ፋቅኩለት፤ ሞባይል የሚገዛ ገንዘብ ወጣለት። እጄን ስሞ አንድ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ጉርሻ መሆኑ ነው።

ያ ማኪያቶ ኑሮዬን አበላሸው። ከዚያ ወዲህ መምህሩም ባጃጅ ነጂውም ሎተሪውን ይዞ ይመጣብኛል። ካልወጣለት ደግሞ «ዛሬ ምን ነካህ?» ብሎ ይቆጣኛል። እኔ ምን ልሁን?

ባለፈው ወር ተስፋዬ በግማሽ ደመወዙ ሎተሪ ገዝቶ መጣ። ቤት የሚጠብቁት ልጆቹ ትዝ አሉኝና «እባክህ ተስፍሽ፣ ይሄንስ አልፍቅም» አልኩት።

«ገባኝ» አለ፤ «ጉርሻው አንሶህ ነው። እጥፍ አደርግልሃለሁ።»

ተቀብዬ ሁሉንም ፋቅኩለት፤ አንዱም አልወጣም። ተስፋዬ ጣቶቼን በጥላቻ አይቷቸው ወጣ፤ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ለልጆቹ አዝናለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚህ እጅ ካገኘሁት ጉርሻ ሁሉ የሚሻለኝ ይህ ኩርፊያ ነው።