የአያ ደምሴ ሚሞሪ

በእኛ ፎገራ ሰው ታመመ ከተባለ መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ ይደርሳል። አንዱ ዳማከሴ፣ አንዱ ጠበል፣ አንዱ ባሕር ዳር ውሰዱት ይላል፤ ምንህን ነው ያመመህ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝ። የእኔም ኮምፒውተር የወረታ ልጅ ነውና ዕጣው ይኸው ሆነ።

እንጀራዬ እሱ ነው። ከመናኸሪያው ጎን ባለች ጠባብ ሱቄ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የተማሪ ፎርም እሞላለሁ። ታዲያ ልክ በምዝገባው ሰሞን አፕዴት ካልተደረግሁ አልሠራም አለኝ። እሺ ብዬ ሳስጀምረው አንድ ቀን ሠላሳ በመቶ ላይ ይጠፋና እንደገና ይነሣል፤ ሌላ ቀን ሰባ ላይ። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ። ደንበኞቼ ዓይኔ እያየ ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሻገሩ ጀመር። የባጃጁ ሾፌር ኔትወርኩ ነው አለ፤ የሩዝ ወፍጮው ባለቤት መብራቱ ነው አሉ። ኔትወርኩን ቀየርሁ፣ ደኅና መብራት ጠበቅሁ፣ ፕሮግራሙን ከነሥሩ ነቅዬ እንደገና ጫንሁ። ወይ ፍንክች።

እንግዲህ ልንገራችሁ፤ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ቢቆም ኖሮ አፕዴቱን በጠረጠርሁ ነበር። ቦታ ሲቀያይር ግን የሚጠረጠረው ሆዱ ውስጥ የሚሰካው ሚሞሪ ነው። የወረደው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነዋ፤ በተቀደደ ጆንያ ሩዝ ብትጭኑ ወፍጮ ቤት ምኑ ይደርሳል? ይህን ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። ታዲያ ለምን አላየኸውም ትሉኝ ይሆናል። ሚሞሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣች፣ ሁለተኛዋን የሰጡኝ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ ናቸው። ከባሕር ዳር ይዘው መጥተው፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት መርቀው የሰጡኝን እንዴት ብዬ ልጠርጥር? የአማች ስጦታ ይመረመራል እንዴ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

በመጨረሻ ችግር ይሉኝታን አሸነፈ። በራፌን ዘግቼ እንደማይስማሙ ጥማድ በሬዎች ለየኋቸውና ተራ በተራ ሞከርኋቸው። በአሮጌዋ ብቻ ሲነሣ አፕዴቱ መቶ ድረስ ሄደ። በአያ ደምሴዋ ብቻ ሲነሣ ሠላሳም አልደረሰ። እሷን ኪሴ ከትቼ በአሮጌዋ ብቻ ሥራዬን ቀጠልሁ፤ ለባለቤቴም ትንፍሽ አላልሁ።

እሑድ አያ ደምሴ ከእኅታቸው ከባለቤቴ ጋር ሱቄ ድረስ መጡ።

«ያቺ ሚሞሪ እንዴት ሆነችልህ?» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ። ቤቴን ያቆመችው እሷ ናት።» ባለቤቴ ኩራት ኩራት አላት።

«አውቄ ነበር» አሉና እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱ። «እንግዲህ ያቺን አሮጌዋን አውጥተህ ጣላት፤ ይኸው እኅቷን አምጥቼልሃለሁ። በል ዓይኔ እያየ ግጠማት።»

ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልሁ።