ስድስት ሳጥን

አይቶት የማያውቀውን ማሽን እንደ ንስሐ አባቱ የሚፈራ ጸሐፊ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አሰላ ከተማ ውስጥ ገጥሞኛል። ለምርጥ ዘር ስመዘገብ «ገመዳ ቱፋ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። በጎልማሳነቴ ፊደል የቆጠርኩት የሟች አባቴን ስም ለመጻፍ ነበር። ጸሐፊው ቱፋን ሰረዘው።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ያለው ማሽን የሚያነበው ትልልቁን የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። ለስም የፈቀደው ስድስት ሳጥን ነው፤ ገመዳ ብቻውን ሞላው።»

«አባቴስ?»

«ማሽኑ አባት አይጠይቅም።»

«አንተንስ ማሽን ነው የወለደህ?»

ሳቀና ማኅተሙን መታ።

ዘሩን አገኘሁ፤ ስንዴውም አማረ። እኔ ግን በገበያ ቀን የምሸጠው ሳልይዝ፣ የሚያውቀኝ ወደሌለበት ወደ ሲሬ እወርዳለሁ። አንዱ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ እዞራለሁ።